ውሃው በየት ይውጣ?

ቤት ውስጥ ያለ የኮራል ገንዳ ሲታመም ሕመሙ የሚጀምረው እንግዳ ከማያየው ቦታ፣ ከዐለቱ ጀርባ ነው። ከፊት ዓሣው ይዋኛል፣ ኮራሉ ይወዛወዛል፣ መስታወቱ ተወልውሎ ያበራል። ዐለቱና የጀርባው መስታወት በተጠጋጉበት ጠባብ ጨለማ ውስጥ ግን የዓሣ ኩስና ያልተበላ ምግብ ቀስ በቀስ እየወረደ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። ዝቃጩ ሲወፍር ከሥሩ ኦክስጅን ያልቃል። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይወርሱታል፤ ይጠቁራል፤ ሲነካካ የገማ ዕንቁላል ይሸታል። ሽታው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነው። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ከፊት ባለው አሸዋ ላይ ቀይ የሚያዳልጥ ሽፋን ሲዘረጋ፣ ወይም ኮራሉ ተኮማትሮ አልከፈት ሲል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ገበያ ወጥቶ ትልቅ ፓምፕ መግዛትና ከፊት ለፊት ዐለቱ ላይ መደገን ነው።

እኔ ሥራዬ ፓምፕ ነው፤ ይሁንና ይህን አልመክርም። የምኖረው በኬንያው ሞያሌ፣ ጎልቦ ውስጥ ነው፤ ከከተማው ቁልቁል በተንጣለለው ሜዳ ላይ። የጉድጓድ ሰብመርሲብል አወጣለሁ፣ የተቃጠለ ሞተር እጠቀልላለሁ፣ ለከብት ማጠጫና ለትምህርት ቤት የሶላር ፓምፕ እተክላለሁ። የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ የወደብ ሠራተኛ ስለነበር ባሕር ማለት ለእኔ የሰፈር ነገር ነበር። ዛሬ በመንገድ ከሞምባሳ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ከወርክሾፔ ጀርባ ባለችው ክፍል 200 ሊትር የባሕር ውሃ፣ ጥቂት ዓሣና ለስላሳ ኮራሎች ይዤ እኖራለሁ። የልጅነቴ ባሕር ከእጄ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አልፈለግሁም።

ደንበኛ «ፓምፑ ውሃ አልገፋ አለኝ» ብሎ ሲመጣ ሞተሩን ከመፍታቴ በፊት የማየው የመስመሩን ጫፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጌት ቫልቭ ከተዘጋ ፓምፑ የፈለገውን ያህል ቢዞር ውሃ አይሄድም፤ ትርፉ ሙቀት ነው። ፓምፑን በሌላ በሚበልጥ ብንለውጠውም ያው ነው። የኮራል ገንዳም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ከዐለት ጀርባ ውሃ የሚቆመው ከፊት የሚገፋው ጉልበት ስላነሰ ሳይሆን፣ እዚያ የደረሰው ውሃ መውጫ ስላጣ ነው። መውጫ የሌለው ቦታ መግቢያም የለውም፤ ቦታው ሙሉ ነውና አዲስ ውሃ አይቀበልም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ልግዛ?» ሳይሆን «ከጀርባ ያለው ውሃ በየት ይውጣ?» መሆን አለበት።

ይህ በተፈጥሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ኬንያ ጠረፍ ይውረድ። ከማሊንዲ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ታንዛኒያ ድንበር ድረስ፣ እዚህም እዚያም ቢቋረጥም፣ ከባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን የሚሄድ የኮራል ግድግዳ አለ። በግድግዳውና በዳርቻው መካከል ጥልቀት የሌለው፣ ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ የሚመስል ውሃ ተኝቷል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ሞገድ በግድግዳው አናት ላይ ይሰበርና ወደ ውስጥ ይፈስሳል። የገባው ውሃ ግን በመጣበት መመለስ አይችልም፤ ከኋላው ሌላ ሞገድ እየገፋው ነው። ስለዚህ ዳርቻውን ይዞ ወደ ጎን ይሄድና ግድግዳው በተከፈተበት ቦታ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያስገቡበትና በሚያስወጡበት መተላለፊያ ተመልሶ ይወጣል። በዚያ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አለ፤ በኬንያ ጠረፍ ልዩነቱ በትልልቆቹ ቀናት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በቀንም ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ውሃ የሚታደሰው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለሉት የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ፓርኮች ይህን ለማየት ጥሩ ቦታዎች ናቸው። ሞምባሳ በሠራሁባቸው ዓመታት ውሃው ሲጎድል በእነዚያ መተላለፊያዎች አፍ ላይ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። መውጫው ዘንድ ያለው ፍጥነት ሰው ይጥላል፤ ውስጥ ያለው ሰፊ ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ፣ ግን ሳያቋርጥ፣ ወደዚያ ይሄዳል።

ኮራል ይህን ያህል ፍሰት ለምን አስፈለገው? እንደ ዓሣ ተነቅሎ ወደሚሻለው ቦታ መሄድ አይችልም፤ ምግቡም አየሩም ባለበት ሊደርሱት ይገባል። ጉዳዩ ግን ከማምጣት በላይ ነው። በኮራሉ ሥጋ ላይ የተለጠፈች፣ ከውሃው ጋር የማትሄድ ስስ የውሃ ንጣፍ አለች። ማንኛውም ነገር ወደ ኮራሉ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያች ንጣፍ ውስጥ ተንቀርፍፎ አልፎ ነው። ቀን ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኦክስጅንም ያመርታሉ። ያ ኦክስጅን ካልወጣ እዚያው ይጠራቀምና የራሳቸውን ሥራ ያደናቅፋል። ታሊ ማስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ፍሰት የኮራልን ምግብ አሠራር የሚያፋጥነው በዋናነት ኦክስጅኑን ከሥጋው ጠርጎ በማስወጣት ነው። ጥናቱን ሳነብ ደስ ያለኝ ፓምፕ ሠሪ ስለሆንኩ ነው። ከትልቁ የባሕር ግድግዳ እስከዚያች ስስ ንጣፍ ድረስ ነገሩ ያው የመውጫ ጉዳይ ነው።

ይህን በራሱ አካል የፈታ አንድ ኮራል አለ፤ ታሪኩም ወደ እኛው ባሕር ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1825 ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግና ቪልሄልም ሄምፕሪሽ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ምጽዋ ደረሱ። ሄምፕሪሽ በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ጓደኛው በርሊን ተመልሶ የሰበሰቡትን ለዓመታት ሲያጠና ቆየና እ.ኤ.አ. በ1834 የቀይ ባሕር ኮራሎችን የሚገልጽ ትልቅ ሥራ አሳተመ። በዚያ ሥራ ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው አንዱ ዛሬ ሄቴሮክሴኒያ ፉስሴንስ የሚባለው ለስላሳ ኮራል ነው። ይህ ኮራል እያንዳንዱን አበባ መሳይ አፉን አብዛኛውን ቀንና ሌሊት ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይህን ያህል ጉልበት ለምን እንደሚያባክን ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 በኤይላት ባሕር ውስጥ የሠሩ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች የውሃውን እንቅስቃሴ በካሜራ ተከታትለው ምክንያቱን አገኙ። ኮራሉ ሲከፍትና ሲዘጋ አንዴ የተጠቀመበትን ውሃ ከራሱና ከጎረቤቱ ያርቃል፤ ያው ውሃ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይመለስበት ይከለክላል፤ የምግብ አሠራሩም በዚህ ብዙ ይጨምራል።

የዚህ ኮራል የቅርብ ዘመድ በእኔ ገንዳ ውስጥ አለ። ናይሮቢ ያለ አንድ ወዳጄ ከራሱ ገንዳ ቆርጦ የሰጠኝ ነው። ከዐለቱ ፊት ያለው ቁራጭ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል። ለሙከራ ከጀርባ ያስቀመጥኩት ቁራጭ ውሃው በደንብ ሲዞር ዘና ብሎ ይሠራል፤ መተላለፊያው በዝቃጭ ሲጠብብ ግን መጀመሪያ የሚዝለው እሱ ነው። ከየትኛውም መለኪያ በፊት የሚነግረኝ ይህ ኮራል ነው።

ስለ ዐለቱ ልንገራችሁ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ዐለት ለገንዳ ምርጥ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን አልያዝኩም። የድንጋይ አጥንት የሚሠሩት ኮራሎች፣ የተሸከማቸውም ዐለት፣ በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ተመዝግበው ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነው። ከሕጉም በላይ ከዚያ ግድግዳ ቆርሶ ማምጣት ለሕሊናዬ ይከብደኛል። ስለዚህ ዐለቴን ጎልቦ ላይ ራሴ አፈሰስኩት። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አራት እጅ የተፈጨ ዛጎልና ሻካራ ጨው። ጨው የምጨምረው በኋላ በውሃ ሲዘፈዘፍ ሟሙቶ እንዲወጣና ዐለቱ ቀዳዳ በቀዳዳ እንዲሆን ነው። ቀዳዳው ለውበት አይደለም። በዐለቱ ውስጠኛ ክፍል ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ቀይረው ከውሃው ያስወጡታል፤ ውሃ ግን ቀስ ብሎ ወደዚያ መስረግ አለበት። ዝቃጭ ላዩን ከደፈነው ያ ማጣሪያ ሞተ ማለት ነው። ሲሚንቶ ገና አዲስ ሳለ ውሃውን እንደ ሳሙና ስለሚያፋጅ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ መቆየት አለበት። የመዘፍዘፊያውን ውሃ አልደፋውም፤ ጨው ካሟሟው ከመጀመሪያው በቀር ሌላውን ለሌላ የሲሚንቶ ሥራ አቡክቼበታለሁ።

ዐለትን በእጅ የመሥራት ትልቁ ጥቅም ቅርጹን ከመነሻው ለውሃ ማዘጋጀት መቻሉ ነው። ብዙ ሰው ድንጋዮቹን ከጀርባው መስታወት አስደግፎ እንደ ካብ ይደረድራል፤ ዓሣ መደበቂያ ያገኛል፣ ዓይንም ይሞላል። ያ ካብ ግን ገንዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። እኔ ሁለት የተለያዩ ደሴቶች አደረግሁ። እያንዳንዱ ደሴት ከላይ ሰፊ፣ ከታች በሦስት አጫጭር እግሮች የቆመ ነው፤ እግሮቹ ውስጣቸው የፒቪሲ ቱቦ ነው። ከአሸዋው እስከ ዐለቱ ሆድ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ነው። ከጀርባው መስታወት ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ መለኪያ ሜትር አያስፈልግም፤ ስፖንጅ የያዘ እጅ ከጀርባ ገብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ከቻለ ይበቃል። እጅ የማያልፍበት ቦታ አይጸዳም፤ ውሃም በቅጡ አያልፍበትም። ገንዳው ትንሽ ከሆነ ዐለት ይቀነስ። አነስ ያለና ውሃ የሚዞረው ዐለት፣ ከተከመረና ከታፈነ ዐለት እጅግ ይሻላል።

አሁን ወደ ፓምፑ። የኮራል ገንዳ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት አለ፤ በሰዓት ከገንዳው ይዘት ከ20 እስከ 40 እጥፍ ውሃ ይንቀሳቀስ ይላል። ለ200 ሊትር ገንዳ በሰዓት ከ4,000 እስከ 8,000 ሊትር ማለት ነው። ቁጥሩ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ፓምፑ ላይ የተጻፈው ግን ፊቱ ምንም ሳይጋርደው የተለካ ነው። ከጠባብ አፍ የሚወጣ የውሃ ምት ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ዐለት ከመታ በኋላ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለዚህ ነው ከፊት የተደገነ ኃይለኛ ፓምፕ ፊት ለፊት ያለውን ኮራል እየገሸለጠ ከኋላ ያለውን ዝቃጭ የማይነካው።

የፓምፕ ዓይነትም ይለያል። ለጉድጓድ የምተክለው ፓምፕ ውሃ ብዙ ሜትር ሽቅብ መግፋት ስላለበት ግፊት ያስፈልገዋል። ገንዳ ውስጥ ሽቅብ የሚባል ነገር የለም፤ ውሃው በራሱ ውስጥ መዞር ብቻ ነው ያለበት። ስለዚህ የሚሻለው ሰፊ አፍ ያለው፣ እንደ መርከብ ማንቀሳቀሻ የሚሽከረከር ክንፍ ያለው ፓምፕ ነው፤ በትንሽ ዋት ብዙ ውሃ በዝግታና በስፋት ይገፋል። ሶላር ለሚጠቀም ቤት ደግሞ በ12 ቮልት የሚሠራውን ቢመርጥ ኢንቨርተር ሳያስፈልገው ከባትሪው በቀጥታ ያገናኘዋል።

አቀማመጡ ግን ከዓይነቱ ይበልጣል። ፓምፑን በጀርባው ማዕዘን አድርጋችሁ፣ አፉን ከጀርባው መስታወት ጋር ትይዩ ወደ ሌላው ጫፍ አዙሩት። በመስታወት አጠገብ የሚተኮስ ውሃ መስታወቱን ተጠግቶ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ከመስታወት ርቆ ከተተኮሰው ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። ጫፍ ሲደርስ የጎኑ መስታወት ያጥፈዋል፤ ወደ ፊት ይመጣል፤ በፊት በኩል ተመልሶ ወደ ተነሣበት ይሄዳል። ዐለቱ በመሐል ቀረ፤ ውሃው ዙሪያውን ይዞራል። ከዐለቱ ሆድ ሥርና በሁለቱ ደሴቶች መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ ከጀርባ ያለው ውሃ በጎን ወደ ፊት ይወጣል። መውጫው ይህ ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻ ሁልጊዜ ከሠራ ግን በእያንዳንዱ እብጠት ጥላ ሥር አዲስ የቆመ ቦታ ይፈጠራል። ስለዚህ በሌላው ማዕዘን ሁለተኛ ፓምፕ አለኝ፤ በታይመር ጠዋትና ማታ ይፈራረቃሉ።

ሌላ ዘዴም አለ፤ ለተከመረ ዐለት ባለቤት ዐለቱን ሳያፈርስ የሚረዳው እሱ ነው። ከገንዳው በታች ካለው የማጣሪያ ሳጥን የሚመለሰውን ውሃ በፒቪሲ ቱቦ ከዐለቱ ጀርባ ከታች ማስገባትና በቀዳዳዎች ማስወጣት። እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ አፉ 314 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 16 ቀዳዳ ሲበሳ የቀዳዳዎቹ ድምር ከቱቦው አፍ ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ከተበሳ ውሃው እኩል ሳይደርስ አንዱ ጫፍ ይተፋል፣ ሌላው ያለቅሳል። እኔ 12 እበሳለሁ። ቀዳዳዎቹን ወደ ታችና ወደ ፊት አዘንብላችሁ፣ ወደ አሸዋውና ወደ ዐለቱ እግር አዙሯቸው፤ ዝቃጩን ከሥሩ ጠርገው ፓምፑ ወዳለበት ይሰዱታል። መጋጠሚያው ጎሚቶም ይሁን ማኒኮቶ ፕላስቲክ ብቻ ይሁን። የናስ መጋጠሚያ መዳብ አለው፤ መዳብ ለኮራልና ለሽሪምፕ ዓይነት ፍጥረታት መርዝ ነው። የቱቦውን ጫፍ በሙጫ አትድፈኑት፤ ተፈትቶ እንዲታጠብ የሚሽከረከር መዝጊያ ይግባለት።

በዚህ ቱቦ ላይ አንድ ነገር የረሳ ሰው ወለሉን በጨው ውሃ ያጥባል። የቱቦው ጫፍ ከገንዳው ሥር ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ በሲፎን ይሳባል፤ ከታች ያለው የማጣሪያ ሳጥን ሞልቶ እስኪፈስስ ድረስም አይቆምም። ቼክ ቫልቭ አለ፤ ነገር ግን የአሸዋ ቅንጣትና ቀንድ አውጣ ስለሚገቡበት እኔ አላምነውም። አስተማማኙ ቱቦው ውስጥ፣ ከውሃው ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ውሃው ያን ያህል ሲወርድ ቀዳዳው አየር ይስብና ሲፎኑ ይቆረጣል። እኛ ዘንድ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያለውን ለሚያውቅ ሰው ይህች ቀዳዳ ከማንኛውም ቫልቭ ትበልጣለች።

ውሃው በእውነት ከጀርባ መዞሩን እንዴት እናውቃለን? እኔ የማደርገው ይህ ነው። ቀጭን ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ አነሣለሁ፤ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ የጣት ርዝመት ያለው የስፌት ክር አሥርበታለሁ። ክሩ ቀይ ቢሆን ይመረጣል። ዘንጉን ከዐለቱ ጀርባ ቀስ ብዬ እስከ አሸዋው አወርድና ክሮቹ እስኪረጋጉ እጠብቃለሁ፤ በጎን በኩል በባትሪ መብራት አያለሁ። ከላይ ያሉት ክሮች ሁሌም ይበርራሉ፤ የላይኛው ውሃ ማንንም አያስቸግርም። የሚታየው የታችኛው ነው። ክሩ ወደ አንድ ወገን ተዘርግቶ ከቆመ ውሃው እየሄደ ነው። እየተርገበገበ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካለ ውሃው እዚያው እየተሽከረከረ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ መውጫ ግን ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ቦታው የሞተ ነው። ያን ጊዜ ፓምፑን በጣት ስፋት እያዞርኩ፣ አንዳንዴም አንዱን ዐለት ትንሽ እያንቀሳቀስኩ፣ ክሩ እስኪዘረጋ እሠራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈታው አዲስ ፓምፕ ሳይሆን የአንድ ዐለት መዞር ነው። ቀለም ጨምሮ የሚያይ ሰው አለ፤ ለኮራል ያልታወቀ ነገር ውሃ ውስጥ መጨመር ግን አልወድም።

ሁሉም ቦታ እኩል ይወዝወዝ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ኢንዶኔዢያዊ ሕይወት ያለው ዐለትና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ የባሕር ገንዳ እንደሚኖር ለዓለም አሳይቷል። በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ጸጥ ያለ ጥላ የሚፈልጉ ስፖንጆችና ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ ለዓሣውም ምግብ ናቸው። ዝግታ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የማይወጣ ውሃ ነው። በሃዋይ የዋይኪኪ አኳሪየም የነበረው ብሩስ ካርልሰን የሠራው ዘዴ በዚህ ረገድ ያስደንቀኛል። ከገንዳው በላይ የተቀመጠ በርሜል በትንሽ ፓምፕ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ሲሞላ በራሱ ሲፎን ይነሣና ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ከዚያ እንደገና ይሞላል። ገንዳው እንደ ባሕር ዳርቻ ይሞላል፣ ይጎድላል። ድምፁ ትልቅ ነው፤ አረፋም ያመጣል፤ ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ወርክሾፕ ላለው ሰው ግን ከአሮጌ ጀሪካንና ከቱቦ የሚሠራ ነገር ነው።

ጎረቤቴ የቡርጂ ተወላጅ እናት ናቸው፤ ገንዳውን መጀመሪያ ያዩ ዕለት «ልጄ፣ ሰው ለጀሪካን ተሰልፎ እየዋለ አንተ ይህን ሁሉ ውሃ ለዓሣ?» አሉኝ። «እማማ፣ ውሃው አንዴ የገባ ነው፤ ብዙም አልቀይረውም» አልኳቸው። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ እዚህ ውሃ ማባከን ነውር ነው። ናይሮቢ ያለው ወዳጄ በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ አንድ አሥረኛውን ይደፋል፣ አዲስ ያበጃል፤ ጨውም ውሃም በእጁ ነው። እኔ ጋ የጨው ከረጢት ከሩቅ ይመጣል፣ ውሃውም ከሰው አፍ የሚነጠቅ ነው። ከጀርባ ዝቃጭ ካልተጠራቀመ ናይትሬትና ፎስፌት ቀስ ብለው ነው የሚጨምሩት፤ የውሃ ቅያሬውም በጣም ይራራቃል። ለእኔ የዐለት ጀርባ ፍሰት ማለት የዳነ ውሃ ማለት ነው። በየቀኑ የሚተነውን ሁለት ሊትር ያህል የምተካው በዝናብ ውሃ ነው። ጨው አብሮ ስለማይተን የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ዚንክ ስለሚለቅ ከጣሪያ አልቀዳም፤ ዝናብ ሲመጣ ንጹሕ ላስቲክ ግቢ ውስጥ ወጥሬ ወደ ሮቶ አወርደዋለሁ። እማማ ይህን ካዩ ወዲህ እሳቸውም ላስቲክ ወጥረዋል፤ ለእንስራቸው።

ፍሰቱ ከተስተካከለ በኋላ ሥራው አያበቃም። ገንዳ ውስጥ ያለ ፓምፕ በካልሲየም ይለበሳል፤ ክንፉና ዘንጉ ላይ ነጭና ሐምራዊ ቅርፊት ይጋገራል። ድምፁ ስለማይለወጥ ሰው አያስተውለውም፤ ውሃው ግን ከወር ወር ይቀንሳል። ፈትቶ አቼቶና ውሃ እኩል በተቀላቀለበት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል። ከዐለቱ ጀርባ የቀረውን ዝቃጭ ደግሞ ጫፉ ላይ ቱቦ በተሰካበት ትልቅ ሲሪንጅ ውሃ እየተፉ ማስነሣት ነው፤ የተነሣውን ማጣሪያው ይወስደዋል። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ፣ ጥቁር የሆነ ቦታ ያለው ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አያስነሣ። ያ የገማ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ዓሣ ይገድላል። በሲፎን እየሳበ፣ በየተወሰነ ቀኑ ትንሽ ትንሽ ያውጣ።

የመጨረሻው ጉዳይ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ የባሕር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም ያንሳል፤ ከንጹሕ ውሃ ያነሰ ነው፤ የጎልቦ ከሰዓት ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚያልቀው ከዐለቱ ጀርባና ከሆዱ ሥር ያለው ነው፤ ዓሣው ሌሊት የሚተኛውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያለው ሰው አረፋ የሚያወጣውን ድንጋይ እንደ ተለመደው ከፊት ጥግ አይጣለው። ከጀርባ ይሁን፣ ከአሸዋው አጠገብ፣ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ባለው ክፍተት አቅጣጫ። አረፋው ሽቅብ ሲወጣ ከሥር ያለውን ውሃ ይዞ ይነሣል፤ በቦታው ከፊት ያለው በዐለቱ ሆድ ሥር ይገባል። የአየር ፓምፑ ከውሃው ገጽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ባትሪው በሶላር የሚሞላ ይሁን፤ መብራት ሲቋረጥ ሰው ሳይነካው እንዲነሣ በሪሌ ይያያዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ነውና።